ዘሬ ተበላሸ የተባለበት ሰሞን

ሰው ስሙ ሲጠፋ አይቻለሁ። የጎረቤቴ በሬ ሲጠፋ፣ የአክስቴ ልጅ መታወቂያ ሲጠፋ፣ እኔም ራሴ የደንበኛ ሱሪ ሲጠፋብኝ አይቻለሁ። «ዘሩ ተበላሸ» ተብሎ ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ የተወራበት ሰው ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ካለም ይምጣና አብረን እንሳቅ። ዛሬ መሳቅ እችላለሁ፤ ያኔ ስስቅ ሳሉ ይቀድመኝ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ከገበያው ጥግ፣ ከሐጂ ኑርዬ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሐጂ ክር ይሸጣሉ፣ ቁልፍ ይሸጣሉ፣ ስኳርና ባትሪ ይሸጣሉ፤ ሲጋራም ይሸጡ ነበር። ክሩንም ሲጋራውንም ከእርሳቸው ስለምወስድ፣ ኑሮዬ በሙሉ ከአንድ መደርደሪያ ይወርድልኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ስሰፋ ሲጋራው ከከንፈሬ ጥግ አይወርድም። በዚህ የተነሳ አንድ ቀን በአንድ መሪጌታ ካባ ጫፍ ላይ ፍም ወደቀና ቀዳዳ ሆነ። ደንግጬ ቀዳዳውን በወርቃማ ክር መስቀል ጠለፍሁበት። መሪጌታው ሲያዩት ደስ ብሏቸው መረቁኝ፤ በሌላውም ጫፍ ይደገምልኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ የተቃጠለው ሁሉ አበባ መሆን ጀመረ። የጋፋት ገበሬዎች «ያንን ኪሱ ላይ አበባ ያለበትን ሱሪ ስፋልን» እያሉ ያዝዙኝ ነበር። ሰው በጥፋቱ ከተመሰገነ ጥፋቱን ለምን ብሎ ይተዋል?

ሳሌ ግን እያደር የሰፈሩ ሰዓት ሆነ። ባለቤቴ ውባለም ከመንገዱ ማጠፊያ ላይ ሳሌን ስትሰማ ወጥ ታሞቃለች። እኔ በሩ ጋ ስደርስ ወጡ ይፈላል። ይህንን ትዳር የሚያጠብቅ ነገር አድርጌ እቆጥረው ነበር።

አንዲት ልጅ አለችን፣ ዝናሽ። እዚሁ ከተማችን ካለው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትማራለች፤ ያን ጊዜ ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት። በዚያው ዓመት ከአንበሳሜ ሽማግሌ ተላከላት። እኛም ወግ ነውና «እስቲ ልጅቷን እንጠይቃት» ብለን አዘገየን። ልጅቷ ለካ ከእኛ በፊት ተጠይቃ፣ መልሳ፣ ጨርሳ ኖሯል። ልጁ አስተማሪ ነው፤ አባቱ አቶ አድማሱ በአንበሳሜ አካባቢ የተከበሩ ጤፍ አራሽ ናቸው አሉን። «አሉን» የምለው በዓይን ስላልተያየን ነው፤ ሁሉም ነገር በሽማግሌ ነበር የሚሄድና የሚመጣ። እንደ ደንቡ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጠረ። እኔ የማላውቃቸውን ቅድመ አያቶቼን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ተገኙ። ዝምድና የለም ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ነገሩ የተበላሸው ግንቦት እንደገባ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናሽ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ለፈተና ታጠናለች። እኔ አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁና ለኮስሁ። ቀና ብላ መጀመሪያ ጢሱን፣ ቀጥላ እኔን፣ በመጨረሻ መጽሐፏን አየች።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ያለው ስለ እርስዎ ነው» አለችኝ።

«ስሜን ጽፈውታል?»

«ስምዎን አልጻፉትም። ሲጋራ የዘረ መልን አሠራር እንዴት እንደሚያዛባ ነው የሚናገረው።»

ዘረ መል ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ለመምህሮቿ የምትመልሰውን ዓይነት መልስ ልትሰጠኝ ጀመረች፤ ከፊቴ ምንም እንዳልገባኝ አይታ ተወችው። ትንሽ አሰበችና «ልብስ ሲሰፉ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምሩ የለም?» አለች።

«አሰምራለሁ።»

«ለምን ያሰምራሉ?»

«የቱ ጋ እንደምቆርጥ፣ የቱን እንደምተው፣ የቱን እንደማጥፍ ለማወቅ ነዋ።»

«ዘረ መልን እንደ ጨርቁ ያድርጉት። ከእናት ከአባት የመጣ ነው፤ በሰውነታችን በእያንዳንዷ ህዋስ ውስጥ አለ። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠራም። ይኸኛው ይሥራ፣ ያኛው ይረፍ የሚል ምልክት ላዩ ላይ አለ፤ እንደ ጠመኔው። የሲጋራ ጢስ ያንን ምልክት ያዛውረዋል። ማረፍ የነበረበት ይነሳል፣ መሥራት የነበረበት ይዘጋል። እብጠትን የሚቆጣጠረው፣ ሳንባን የሚጠብቀው ሁሉ ሥራው ይታወካል። ሲብስ ደግሞ ጢሱ ጨርቁን ራሱን ያቃጥለዋል፤ ካንሰር የሚመጣው አንዱ በዚያ በኩል ነው።»

ሌላ ምሳሌ ብታመጣ ኖሮ በአንድ ጆሮ ሰምቼ በሌላው አወጣው ነበር። ጠመኔ ሲዛወር ምን እንደሚመጣ ግን እኔ ነኝ የማውቀው፤ የአንድ ፖሊስ ሱሪ በእጄ ላይ ቁምጣ ሆኖ ያውቃል። ሲጋራዬን ከአፌ አወጣሁ።

«የእኔስ ተበላሽቷል ነው የምትዪኝ?»

«ተዛብቷል። ካቆሙ ብዙው ምልክት በጊዜ ብዛት ይለቃል፤ እንደ ዘይት እድፍ የሚቀር ጥቂት አለ ይላሉ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ ባልኖረ። እኔ ግን «ተዛብቷል» የሚለው ቃል ቀጠነብኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ሙሾ አውራጅ፣ «በቃ፣ ዘሬ ተበላሽቷል በይኛ!» አልሁ።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ በርበሬ ያሰጣሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ክፉ ሴት አይደሉም። በሰፈራችን ሰው ሲቸገር ቀድመው የሚደርሱት እርሳቸው ናቸው፤ ቀድሞ ለመድረስ ደግሞ ቀድሞ መስማት ግድ ነው። በርበሬውን እንደተሰጣ ትተው፣ በሳህን ምስር ወጥ ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ወደ ውባለም መጡ።

«እስከ ዛሬ ችለሽ ኖርሽ እህቴ?» አሏት።

«ምኑን?»

«ዘሩ እንደተበላሸ ራሱ ሲናገር ሰማሁት። እኔ እኮ በአንዲት ልጅ የቀራችሁት በምጣኔ ይመስለኝ ነበር።»

ስገባ ውባለም ሳህኑን አቅፋ ቁጭ ብላለች። ነገሩን ስነግራት እስኪበቃት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ሳልሁ፣ በዚያው ያለቀ መሰለን።

በማግስቱ ገና መኪናዬን ዘይት ሳልቀባ ከጋፋት አንድ ደንበኛዬ ስልቻ ተሸክሞ መጣ። ባለአበባ ሱሪውን ለብሷል። ስልቻውን ከእግሬ ሥር አሳረፈና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ዘርህ ነቀዘ አሉ» አለኝ። «ሰኔ እየቀረበ ዘር ማጣት ክፉ ነው። ይቺን ገብስ ያዝ፤ እናቷን አውቃታለሁ፣ አታሳፍርህም።»

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ እርሻ የለኝም።»

ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። «እርሻውንም ሸጥኸው?» አለኝ፤ ገብሱን ትቶልኝ እያዘነ ሄደ።

ቀጥሎ የነፍስ አባቴ ጸበል ይዘው መጡ። እርሳቸው ከጥንት ጀምሮ ሲጋራውን ሲገስጹኝ የኖሩ ናቸውና ስለ ዘሩ ብዙም አልጠየቁኝም፤ ምክንያት ሲፈልጉ አገኙ። ቤቱን ዞረው ሲረጩ ከሣጥኑ ኋላ የደበቅሁትን የሲጋራ ፓኮ አገኙት። እርሱንም ደህና አድርገው ረጩት። ከሄዱ በኋላ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በካውያ አደረቅኋቸው። ይህን ሳደርግ ውባለም በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ምንም አላለችም። ሚስት ዝም ስትል የነፍስ አባትን ያህል እንደምትገስጽ ያኔ ነው የገባኝ።

እነርሱም ሲያልቁ ወደ ሐጂ ኑርዬ ሄድሁ።

«ሐጂ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

«የለም» አሉ።

«ያ ከራስዎ በላይ ያለውስ?»

«እርሱ ላንተ አይደለም። ላንተ ክር አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ከፈለግህ ስኳር አለ።»

«ሐጂ፣ ነጋዴ አይደሉም እንዴ?»

«ነጋዴማ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሚቆጥሩት ቁልፍ ሳያነሱ። «ደንበኛዬን ገድዬ ክሩን ለማን ልሽጥ? የሰባት ቤት ዘሩን አበላሸህበት ይሉኛል፤ እኔ ጎረቤትህ ነኝ፣ በአላህ ፊት እኔም እጠየቅበታለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከዚያ ሱቅ ያገኘሁት ትልቁ ስጦታ ያ «የለም» የሚለው ቃል ነው።

ወሬው እንዲህ በእግሩ ሲሄድ ከርሞ አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደወሉልኝ። ብዙ ሰላምታ ሰጡኝ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤና ጠየቁኝ። ጤና ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰዎቹ ትንሽ እንቆይ ብለዋል» አሉኝ።

«ትንሽ እንቆይ» በሽማግሌ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ለዝናሽ ነገርኋት። አላለቀሰችም፤ ያጠናችበትን መጽሐፍ ዘጋችው። ያቺ ልጅ መብራት ሲጠፋ እንኳ መጽሐፍ ስትዘጋ አይቼ አላውቅም፤ በኩራዝ ትቀጥላለች እንጂ። የእኔ አፍ የተናገረው ነገር የእሷን መጽሐፍ ሲዘጋ ማየት አንጀቴን በላው። በዚያው ሰዓት ማጨስ አቆምሁ አልሁ።

ማቆሙን ማለት ቀላል ነው። በማግስቱ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከንፈሬ ባዶውን አላስቀምጥ አለኝ፤ ሳላስበው የማሰምርበትን ጠመኔ ጎረስሁት። ይህስ ይሁን። ክብሪት ጫርሁለት። አንዲት ልብስ ልትለካ የመጣች ሴት ጠመኔ ለኩሼ ስስብ አይታ ጨርቋን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ለአንድ ሰውዬ ደግሞ ኮት ሰፍቼ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አደረግሁት። ሲለካው ቀኝ እጁን ወደ ጀርባው አዙሮ ቆመ። «ለሥዕል ያምራል» ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ውባለም ይህን ሁሉ ስታይ ከረመችና «ወንዛዬ ሂድ» አለችኝ። «ፍል ውሃው ላብ አድርጎ ያውጣልህ። ካላወጣልህ ግን እዚያው ክረም።» ፎጣና ስንቅ ቋጥራ በሐሙሲት በኩል ላከችኝ።

ወንዛዬ ስደርስ ሰው ሞልቷል። ቁምጣዬን አድርጌ ወደ ወንዶቹ ውሃ ገባሁና እስከ አንገቴ ተዘፈቅሁ። ከጎኔ አንድ ሽበት የወረራቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰውዬ አሉ። እንደተቀመጥሁ ሳሉ። ሳልን የሳለ ያውቀዋል፤ ያ ሳል ከእኔ መደርደሪያ የወረደ ነው።

«እግዜር ይማርዎ» አልሁ።

«ይማረን። የብርድ ነው» አሉ።

እኔም ሳልሁ። «የእኔም የብርድ ነው» አልሁ። በግንቦት ወር፣ በፍል ውሃ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ብርድ መታን ተባብለን ተቀመጥን።

«ከወዴት ነዎት?» አሉኝ።

«ከደብረ ታቦር።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያስ እግዜር ነው ያገናኘን። ስለ አንድ ሰው ልጠይቅዎ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከገበያው ጥግ ነው የሚሰፋ አሉኝ። ልጁን ለልጄ ጠይቄ ነበር።»

ፍል ውሃው ባንድ ጊዜ ቀዘቀዘብኝ። አቶ አድማሱ ናቸው።

«አውቀዋለሁ» አልሁ፤ «በመጠኑ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሰው ሳይታወቅበት ራሱን እንዲያመሰግን ስንት ጊዜ ይጠየቃል? ደግነቴን፣ እጀ ወርቅነቴን፣ ትህትናዬን ልዘረዝር አፌን ከፈትሁ። ሳሉ መጣና ዘጋው። ሳሉ ሲለቀኝ ማመስገኑ አስጠላኝ። «ደህና ሰው ነው፤ አፉ ግን አያርፍም» አልሁ።

«ስለ ዘሩ የሚባለውስ? አንዱ ነቀዘ ይለኛል። አንዱ ልጅ አይወጣለትም ይላል። ሌላው ደግሞ እብጠት አለበት፣ በወር አንድ ጊዜ ያብጣል አለኝ።»

«እርሱ ውሸት ነው። አያብጥም» አልሁ ፈጥኜ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሱሪውን አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው።»

ከዚያ በእርጥብ ጣቴ ድንጋዩ ላይ መስመር እያሰመርሁ የዝናሽን ነገር አወጋኋቸው። ጨርቁ ይኸ ነው፣ ጠመኔው ይኸ ነው፣ ጢሱ ሲመጣ መስመሩ ከዚህ ወደዚህ ይሄዳል አልሁ። «የሰውየው በሽታ ሲጋራ ነው። ዘሩ ከእርስዎም ከእኔም አይለይም።»

አቶ አድማሱ ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ እስኪደርቅ ድረስ መስመሩን አዩት።

«ሲጋራ ብቻ?»

«ሲጋራ ብቻ።»

ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ጠጋ አሉኝ። «እኔም አጨሳለሁ» አሉ። «ከክምር ሥር ነው የማጨሰው፤ ሚስቴ አታውቅም። አምና የጤፍ ክምሬን መብረቅ መታው ተብሎ ጎረቤት ሁሉ አልቅሶልኛል። በጥር ወር መብረቅ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

መሳቅ አልቻልሁም፤ ሰውየው ከልባቸው አዝነዋል። «እንግዲያ የእኔም ተበላሽቷላ» አሉ።

«ተዛብቷል» አልሁ፣ ቃሉን እንደ ልጄ አስተካክዬ። «ካቆሙ ብዙው ይለቃል። ዝናሽ እንደነገረችኝ...»

«ዝናሽ?»

አቶ አድማሱ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ፤ ያበጠ ቦታ እየፈለጉ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳል ነው ብዬ ልደግፋቸው ስል ሳቅ ሆነ።

«አማቼ» አሉኝ፣ «ሌላው ሰው አማቹን በካባ ተሸፍኖ ነው የሚያገኘው። እኛ በቁምጣ ተገናኝተናል፤ ከእንግዲህ ምን እንደብቃለን?»

በማግስቱ አብረን ወደ ደብረ ታቦር ተነሳን። ልጅቷን ራሴ ካልጠየቅኋት አሉ። ሐሙሲት ላይ መኪና ስንጠብቅ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ አንዲት ሱቅ ተራመድን። እርሳቸው እኔን አዩኝ፣ እኔ እርሳቸውን አየሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ብስኩት ገዝተን ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ውባለም ማን እንደመጣ ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ወዲያ ወዲህ አለች። አቶ አድማሱ ግን ከመቀመጣቸው ዝናሽን ጠሩ።

«ልጄ፣ ሙሽራዋ ለጊዜው ትቆየኝና ሐኪሟ ትመልስልኝ» አሏት። «ያጨስሁት በልጄ ላይ አልፏል? በልጅ ልጆቼስ ያልፋል?»

ዝናሽ ተቀመጠች። «የአባት ማጨስ በዘር ይተላለፋል ወይ የሚለው ገና እየተመረመረ ነው። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ አልነግርዎትም። የታወቀው የቤት ውስጥ ጢስ ነው፤ ያላጨሰውም ሰው ይተነፍሰዋል። ነፍሰ ጡር ብትኖር ደግሞ እስከ ጽንሱ ይደርሳል።»

እጆቿን እያየች ቀጠለች፤ «እኔ ልጅ ሆኜ ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቴን ያፍነኝ ነበር። ያኔ ብርድ ነው ይባል ነበር። ብርድም ሊሆን ይችላል። ስማር ግን ሌላም ነገር እንዳለ አወቅሁ።»

ትዝ አለኝ። በዶፍ ዝናብ በጀርባዬ አዝያት ወደ ጤና ጣቢያ የሮጥሁበት ጊዜ አለ። አባቶች ሲጨዋወቱ ይህን እንደ ጀግንነቴ አወራው ነበር። አዝያት መሮጤ እውነት ነው። ሲጋራው ከከንፈሬ ጥግ እንደነበረም እውነት ነው፤ በዝናቡ እንዳይጠፋብኝ በእጄ ከልዬው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ነገርሁዎት እኮ አባባ። ጠመኔ ብዬ ነው የጀመርሁት። ይህንን ማስከተል አቃተኝ።»

በዚያ ቤት ውስጥ እኔን የሚወቅስ ሰው አልነበረም። ወቃሽ ቢኖር እከራከር ነበር፤ ስለሌለ እንባዬ መጣ። ውባለም ውሃ አቀበለችኝ። አቶ አድማሱ ከኪሳቸው ፓኮውን አውጥተው እንደ ጎራዴ በሁለት እጃቸው ለዝናሽ ሰጧት።

«የእኛስ ይለቃል ትያለሽ?»

«አብዛኛው በጊዜ ብዛት ይለቃል። ልብና ሳንባዎ ግን እስከዚያ አይጠብቁም፤ ካቆሙበት ቀን ጀምሮ ማረፍ ይጀምራሉ።»

«እንግዲያ ሠርጉ በዚያው በጥር ይዋል» አሉ። በሽማግሌ አፍ ይህ «ትንሽ እንቆይ» የተባለው ተሽሯል ማለት ነው። ዝናሽ ፓኮውን ይዛ ወጣች፤ ከጓዳ ውባለም እልል ልትል ስትጀምር እትዬ ጥሩወርቅ ከአጥሩ ወዲያ ቀድመው ጨረሱላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት በሙሉ የሰው ክረምት ነው፤ እኔ ብቻዬን ያለፍሁት ቀን የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ወሬውን ያስነሱት እርሳቸው እንደሆኑ ሲገባቸው አንድ ሳምንት አላዩኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ብለው ያዙኝ። ጠዋት ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል «እስቲ እፍ በል» ይሉኛል። እፍ እላለሁ። «እሺ፣ ሂድ» ይሉኛል። ሐጂ ኑርዬ ሲጋራውን ከመደርደሪያው አንስተው በቦታው ሽምብራ አደረጉ፤ በረንዳው ላይ እጄ ሲቅበጠበጥ ካዩ ሳልጠይቃቸው አንድ እፍኝ ያስቀምጡልኛል። ያ የጋፋት ገብስ ቆሎ ሆኖ እስከ ነሐሴ አፌን ጠበቀልኝ። ባለገብሱ ዘሩን እንደበላሁት ሲሰማ «እኔስ ላንተ ብዬ አይደል» አለኝ፤ እስከ ዛሬም እርሻዬን ሸጬ የበላሁ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ ወድቄአለሁ። በክረምቱ አጋማሽ፣ ከለቅሶ ስመለስ፣ ከሰው ተቀብዬ አጨስሁ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣልቼ ዋልሁና ለአማቼ ደወልሁ። «አማቼ፣ ወደቅሁ» አልኋቸው።

«እኔ ትናንት ነው የወደቅሁት፤ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ ጨንቆኝ ነበር» አሉ። «በሉ እንነሳ።» ተነሳን። ሚስታቸው ነገሩን ካወቁ ወዲህ ክምሩን ሲጠብቁ የሚውሉት ሚስትየዋ ናቸው፤ አቶ አድማሱ እንደሚሉት በዚያ አገር መብረቅ ድርሽ አላለም።

ሰው ሰውን የሚያመሰግነው ብዙውን ጊዜ ለሰጠው ነገር ነው። እኔ የማመሰግነው ለከለከሉኝ ነው፤ «የለም» ላሉኝ፣ ፓኮዬን ላረጠቡብኝ፣ እፍ በል ላሉኝ፣ ዝም ብለው በር ላይ ለቆሙብኝ። ወሬውንም አመሰግነዋለሁ። እውነቱ በልክ ቢነገር ኖሮ «ሳል ነው፣ ይለቀዋል» ተብዬ በቀረሁ። ተጣሞ በመሄዱ አገር ሙሉ ሰው ሊያቃናኝ መጣ።

ጥር ደረሰ። የዝናሽን ቀሚስ ራሴ ሰፋሁት፤ በላዩ ላይ ያለው ጥልፍ ሁሉ ከሥሩ ቀዳዳ የለበትም። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ፤ ተበላ፣ ተጨፈረ። መሄጃው ሲደርስ ልጆቹ ጉልበታችንን ሊስሙ ተንበረከኩ። መመረቅ የአባት ነው። እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ ብዬ ጀመርሁ፤ ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ በሰው ይሙላ፣ በጤና ዋሉ በጤና እደሩ እያልሁ ቀጠልሁ። ሰዉ አሜን አሜን ይላል። ምርቃቱ እየረዘመ ሲሄድ አቶ አድማሱ ከጎኔ ሆነው «አማቼ፣ ለሌሎቹም ትንሽ ይተዉላቸው» ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

ዝናሽ ስትነሳ አቀፈችኝ። አቅፋኝም አልለቅ አለች። ውጭ መኪናው ጥሩምባ ይነፋል፣ ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ አልቅሳ ነው ብለው ፊታቸውን መለስ አደረጉልን። እኔም እንዳለቀሰች ነው የመሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋለች።

«ዝናሽ፣ መኪናው እየጠበቀሽ ነው።»

«ትንሽ ይጠብቅ። በረጅሙ ይተንፍሱ አባባ።»

ተነፈስሁ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ምንም» አለች፤ ፊቷ በርቶ። «ያ ደረትዎ ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚለው የለም። እስቲ ይድገሙት።»

ደገምሁት።